የሌላ ሰው መኪና

ታላቅ ወንድሜ አብኔር ነሐሴ 9 ቀን 1988 ዓ.ም. ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ሲመለስ ፒክአፑ ከመንገድ ወጥታ ሞተ። ብቻውን ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የመካኒክነት ሥራ የተማረው ጅማ፣ ጋሼ ዳምጤ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አራት ዓመት እዚያው በልቶ እዚያው አድሯል። ፊደል ቢያውቅም የእጅ ጽሕፈት ያደናግረው ስለነበር፣ የጋሼ ዳምጤን ደብዳቤ የማነብለትም መልሱን የምጽፍለትም እኔ፣ ጸጋአብ፣ ነበርኩ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የጤና ጣቢያው አቶ ወልደሥላሴ፣ «መርዶ በፖስታ አይላክም» አሉ። «ዳምጤ ልቡን የሚታመም ሰው ነው። ክረምቱ ይውጣና እኔ ራሴ ጅማ ወጥቼ፣ ሰው አሰባስቤ፣ በማለዳ አረዳዋለሁ። እስከዚያ ደብዳቤው እንዳይቋረጥ። ጽሕፈቱ እንደሆነ ድሮም የዚህ ልጅ ነው፤ አይጠረጥርም።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን አዝዘውኝ ብቻ አይደለም። ከጋሼ ዳምጤ በቀር ማንም ሊመልስልኝ የማይችል አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ?

የላክኋቸውን ከረቂቄ፣ የመጡልንን ከፖስታቸው እያወጣሁ በቅደም ተከተል ገልብጫቸዋለሁ።

*

ጅማ፣ ሰኔ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብኔር፣ ለአንባቢውም ለጸጋአብ፤

እንዴት ናችሁልኝ? እናታችሁ ወይዘሮ አልማዜስ እንዴት ናት? እኛ ቤት ከዝናቡና ከሚስቴ ቁጣ በቀር የከፋ ነገር የለም፤ ሁለቱንም ለምደናቸዋል። ለመጻፍ ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ።

ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልምጣ። ካምቢዮው ደህና ነው፣ አትንካው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያጉረመርማል ያልከው እርጅና ነው፤ እኔም አጉረመርማለሁ። ጭቃ ውስጥ የሚያስቀርህ ከኋላ ያለው ዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻል እንደ ሰነፍ ዳኛ ነው፤ ሁልጊዜ ለሚጮኸው ይፈርዳል። አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት የሞተሩን ጉልበት ሁሉ ለእሱ ይሰጠዋል። ደረቅ መሬት የረገጠው ጎማ እጁን አጣጥፎ ያያል። ይህን የማያደርግ ዲፈረንሻል ፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል፤ አዲስ አበባ አንድ ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለእኔና ለአንተ ዓይነቱ ሰው ግን ማየት ብቻ ነው።

የድሃ ዘዴ አለ። ዲፈረንሻሉን ስትከፍት ሁለቱ የጎን ጥርሶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አስገባ፤ በብረቶቹ መካከል ደግሞ አራት ሞላ። ሞላው ጥርሶቹን ወደ ውጭ እየገፋ ከቤታቸው ጋር ያጣብቃቸዋል። ያን ጊዜ አንዱ ጎማ ብቻውን መሮጥ ያቅተውና ጓደኛውን ይዞ ይሄዳል። ጸጋአብ፣ ይህን ቀስ ብለህ አንብብለት። አሁን ጀርባውን ገልብጥ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ሞላው ለስላሳ ይሁን፤ በሁለት ጣት ሲጨምቁት እሺ የሚል። ከሞተር ሳይክል ሞተር የሚወጣው ይበቃል። የትራክተር ወይም የከባድ መኪና ሞላ እንዳታስገባ። መኪናዋ መታጠፍ ትጠላለች፤ እርጥብ ቁልቁለት ላይም ኋላዋ ሊቀድምህ ይችላል።

አባታችሁ ዳምጤ

*

(ይህን ደብዳቤ ያነበብኩለት ቅዳሜ ቀን ነው። የፊቱን ገጽ ጨረስኩ። ጓደኞቼ ባሮ ዳር ሊዋኙ በር ላይ ቆመው ይጠሩኝ ነበር። «ጀርባውስ?» አለኝ አብኔር። «ሰላምታ ነው» አልኩትና ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁት።)

*

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳምጤ፤

አብኔር እየተናገረ እኔ ጸጋአብ እጽፋለሁ። የሚለው እንዲህ ነው፦

ሠራ! ጋሼ፣ ሠራ። ትናንት የአቦቦ መንገድ ጥቁር ጭቃ ላይ ሁለት መኪና ተተክሎ ነበር። በመካከላቸው አለፍኩ። አንዱ ሹፌር፣ «ምን አስገባህባት? ጸሎት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ የጅማ ጸሎት» አልኩት። ክልል ከሆንን ወዲህ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው በዝቷል፤ ጭቃው ግን ለባለሥልጣንም አያዝንም። አሁን በዝናብ የምትሄድ ፒክአፕ የእኔ ብቻ ናት እየተባለ ሰው ቤት ድረስ ይመጣል።

ብረቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሞላውን ፈልጎ የሰጠን ኦኬሎ ነው፤ አቦቦ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ። አራቱንም በእጁ ያስገባው ጸጋአብ ነው። እኔ ጣቴ አልገባ ብሎኝ ስሳደብ እሱ ጸጥ ብሎ ጨረሰው። መካኒክ ይወጣዋል፤ እሱ ግን ሐኪም እሆናለሁ ይላል። ያው ነው፣ ሁለቱም እጅ ያቆሽሻል።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ስትታጠፍ ታለቅሳለች። ልማድ ነው ወይስ ችግር?

እናታችን ሰላም ትላለች። ልጅዎ አብኔር፣ በጸጋአብ እጅ

*

ጅማ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአብኔር፤

ሰላምታው ለሌላ ቀን ይቆየኝ። የትራክተር ሰው የሚያገኘው ሞላ የትራክተር ሞላ ነው ብዬ ፈራሁ። የደብዳቤዬን ጀርባ አንብበሃል አይደል? ማልቀሷ አልጣመኝም። የምን ሞላ እንዳስገባህ ቶሎ ጻፍልኝ፤ እስኪደርሰኝ ቁልቁለት ላይ ቀስ በል።

ዳምጤ

*

(ይህኛው በእጄ የገባው ነሐሴ 16 ነው፤ ከተቀበረ በስድስተኛው ቀን።)

*

ጋምቤላ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳምጤ፤

ደብዳቤዎ ደርሶናል። አብኔር ሰላም ይልዎታል። ሥራ ስለበዛበት አጠገቤ ተቀምጦ ሊያናግረኝ አልቻለም፤ እንዲህ ብለህ ጻፍ ብሎኝ ወጥቷል። ሞላው ለስላሳ ነው፤ አያስቡ ይላል። እናታችንም ደህና ናት። ባሮ ሞልቶ ዳርቻው ላይ የሚታጠበው ልብስ ሁሉ ወደ ላይ ሰፈር ወጥቷል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ስለ ሌላ ሰው መኪና ነው። እዚህ አንድ ሰው የእኛን አይቶ በእሱ መኪና ላይ ሞላ አስገባ፤ የትራክተር ሞላ። ከዚያ መኪናው ከመንገድ ወጣበት። ሰውየው ራሱ ደህና ነው። ግን ያወጣው ሞላው ይሁን ሌላ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። በምን ይታወቃል? ብዙ ስላስጨነቀው ቢቻል ቶሎ ይመልሱለት።

አብኔር በድጋሚ ሰላም ይልዎታል።

ጸጋአብ

*

ጅማ፣ መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸጋአብ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ይህን ደብዳቤ በስምህ የጻፍኩት አብኔር ሥራ ስለበዛበት ነው። እናትህ እህል ትቀምሳለች? አንተስ ትበላለህ? ትምህርት ሲከፈት እንዳትቀር፤ ምንም ቢሆን እንዳትቀር።

ለዚያ ሰው እንዲህ በለው። መኪና ከመንገድ ወጣ ማለት ሞላ አወጣው ማለት አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ቅርቡ ያለውን ይከስሳል፤ ከሁሉ ቅርቡ ደግሞ ራሱ ነው። ሳይከፍተው የሚያይበት መንገድ አለ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክና በድንጋይ ከመሬት ያንሣቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ያስገባ። ከዚያ አንዱን ጎማ በእጁ ያዙር። ጎማው ትንሽ እየከበደው ከዞረና ሌላው ጎማ በተቃራኒ ከዞረ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ማንንም ከመንገድ አያወጣም። በሁለት እጁ ታግሎም አልንቀሳቀስ ካለው ሞላው ጠንካራ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ነገር እንነጋገራለን።

ውጤቱን ለእኔም ጻፍልኝ። የሰውየው ነገር እኔንም አሳስቦኛል።

ለአብኔር ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ዳምጤ

*

ጋምቤላ፣ መስከረም 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳምጤ፤

አብኔር ሰላም ይልዎታል። እናታችን ትበላለች። እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። የመዘግየቴ ምክንያት ክሪክ አጥተን ነው።

የሰውየውን መኪና አየናት። ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ነው የቆመችው። ፊቷ ተጨፍልቋል፤ ኋላዋ ግን ምንም አልሆነም። እንዳሉት ማርሽ አስገብቼ አዞርኩት። ከበድ እያለ ዞረ፤ ሌላውም በተቃራኒ ዞረ። ሦስት ጊዜ አዞርኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አራተኛ ጊዜ ሞከርኩ። ያው ነው።

ይህ ግን ሊሆን አይችልም። ሰውየው የትራክተር ሞላ ማስገባቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ሲያስገባ ጣቱ ደምቶ ነበር። ሞላ ሊለሰልስ ይችላል? መኪናው ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል? ከመውደቁ በፊት ጠንካራ ሆኖ ከወደቀ በኋላ ለስላሳ ሊሆን ይችላል? እባክዎ የሚያስደስት ስለሆነ ብለው ሳይሆን እውነቱን ይጻፉልኝ።

አብኔር ሰላም ብሎዎታል።

ጸጋአብ

*

ጅማ፣ መስከረም 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ ጸጋአብ፤

አብኔር ሰላም እንደማይለኝ አውቃለሁ። ነሐሴ 20 ቀን አንድ የጨው ጭነት ሹፌር ጎማ ሊያሠራ ገብቶ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ነገረኝ። ልቤ አልቆመችም፤ እንደምታየው እጽፋለሁ። ሚስቴም ከገበያ ሰምታለች። እሷ ከእኔ ትደብቃለች፣ እኔ ከእሷ እደብቃለሁ፤ ምሳ ላይ ስለ በርበሬ እናወራለን።

ዝም ያልኩት መርዶዬ እየተዘጋጀ መሆኑ ስለገባኝ ነው። ሽማግሌ ሊያረዳህ ሲዘጋጅ «ሰምቻለሁ» ማለት ነውር ነው፤ ሰውየውን ከመንገድ እንደመመለስ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ይህን ለአንተ ብቻ እነግርሃለሁ። «አብኔር ሰላም ይልዎታል» ብለህ ስትጽፍ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ መልሼ መልሼ አነበው ነበር።

አሁን ግን ይብቃ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ጣቱ የደማው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በሐምሌ ደብዳቤያችሁ ሞላውን ማን እንዳስገባ አብኔር ነግሮኛል። አንተ ስለ ሌላ ሰው መኪና ትጠይቀኛለህ፤ እኔም ስለ ሌላ ሰው መኪና እመልስልሃለሁ። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ስለ ራሴ ነበር። ዘዴውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠይቆኝ የነበረው ስለ ካምቢዮ ነው፤ እኔ ነኝ አዋቂ ነኝ ብዬ ዲፈረንሻል ያስከፈትኩት። ከነሐሴ 20 ጀምሮ በመኪና ሥር ገብቼ ስወጣ ምን ልሠራ እንደገባሁ እረሳለሁ።

እውነቱን ጻፍ ብለኸኛል። ሞላ በመውደቅ አይለሰልስም። ሊሰበር ግን ይችላል፤ ከተሰበረ የጎማው መዞር ምንም አያረጋግጥልንም። ስለዚህ ክፈተው። ብቻህን እንዳትከፍተው። ምንም ብታገኝ ጻፍልኝ፤ መጥፎ ከሆነም ለሁለት እንሸከመዋለን።

ዳምጤ

*

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ጋሼ ዳምጤ፤

ይቅር ይበሉኝ። ስለ ውሸቱ ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ገና አልነገርኩዎትም። የሰኔውን ደብዳቤ ጀርባ አላነበብኩለትም። ባሮ ልዋኝ ቸኩዬ «ሰላምታ ነው» አልኩት። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ ጽፈውታል። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ቅዳሜ ኦኬሎ ዘንድ ሄጄ ዲፈረንሻሉን እንድንከፍት ለመንኩት። መፍቻውን ይዞ መጣና ማንጎው ሥር ቁጢጥ አለ።

«ምን ልታይ ነው?» አለኝ።

«ሞላውን።»

«የቱን ሞላ?»

«የሰጠኸንን። የትራክተሩን።»

«እሱ እኮ እኔ ቤት ነው» አለ። «አብኔር መለሰልኝ።»

ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ አጋማሽ እኔ በቆሎ ላስፈጭ ሄጄ በዋልኩበት ቀን አብኔር ፒክአፑን ነድቶ ኦኬሎ ግቢ ሄዷል። «ይህ ሞላ ጠንካራ ነው፤ ጋሼ ዳምጤ ለስላሳ ነው ያለው» ብሎ፣ ከኦኬሎ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሞላ አውጥተው ከሰዓቱን ሙሉ ሲቀይሩ ውለዋል። ከዚያ በኋላ ማልቀሷ ቆሟል። እኔ ደግሞ የተላመደች መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ኦኬሎ። «ሁለት ወር ሙሉ መኪናውን ታያለህ፣ ታያለህ። ምንም አትጠይቅም። ሐዘን ነው ብዬ እኔም ዝም።» ቀጥሎ ሳቀብኝ። «አማርኛ የምታውቀው አንተ ነህ። የምትጠይቀው አንተ ነህ። እኔን አትቆጣ።»

ቢሆንም ከፈትነው። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አልኩ። ዘይቱ ጠቁሮ ወረደ። ብረቶቹ በቦታቸው አሉ፤ በመካከላቸው አራት ቀጫጭን ሞላ፣ አንዱም አልተሰበረም። አንዱን አውጥቼ በሁለት ጣቴ ጨመቅሁት። እሺ አለኝ።

ኦኬሎ እጁን በሣር እየጠረገ ሌላም ነገር ነገረኝ። ፒክአፑን ከጉድጓዱ በትራክተር የጎተታት እሱ ነው። «የጎማውን መስመር አይቻለሁ» አለኝ። «ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ማስመሪያ። መኪና ከተንሸራተተ ጭቃውን ወደ ጎን ይጠርጋል። ምንም አልጠረገም። ትንሹ ድልድይ ጋ ጠርዙን ውኃ ከሥር በልቶታል። ከላይ ሣር አለ፣ ደህና ይመስላል። የፊት ጎማ ረገጠው፣ ተናደ። እኔም ብሆን እረግጠው ነበር። አንተም።» እንደገና ልጠይቀው ስል፣ «ቀጥ ያለ ነው» ብሎ በጣቱ መሬቱ ላይ ሁለት መስመር አሰመረልኝ።

ማታውን ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጀርባውን አለማንበቤን፣ ሞላውን፣ ደብዳቤዎቹን። «ይህን ተሸክመህ ነው ሁለት ወር ከምግብ የሸሸኸው?» አለችና ተነሥታ አቀረበችልኝ። በላሁ። ደገምኩ። እሷም ከእኔ ጋር በላች።

አንድ ያልገባኝ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሞላው ለስላሳ መሆን እንዳለበት ለአብኔር ማን ነገረው? ኦኬሎ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም። የነሐሴው ደብዳቤዎ ደግሞ የደረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ጸጋአብ

*

ጅማ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ ጸጋአብ፤

ደብዳቤህን ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ጀመርኩት፤ «እሺ አለኝ» ከሚለው ላይ ስደርስ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ልቤን ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ይዘው መጡ። «ደህና ነኝ» አልኳቸው። ከነሐሴ ወዲህ ይህን ቃል ከልቤ ያልኩት ያን ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ የአንድ ሰው ፍሪሲዮን ፈትቼ ገጠምኩ፤ አንድም ብሎን አልተረፈኝም።

ማን እንዳነበበለት እኔም አላውቅም። እኔ ጋ ሳለ ግን ሥራ ሲያጠራጥረው ሦስት ሰው ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። የጀርባውን ገጽ በተመለከተ ይህን ስማ። አጥፍተሃል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ወንዝ ሲጠራው የሚያጠፋውን ያህል አጥፍተሃል፤ ከዚያ አይበልጥም። ወንድምህም አርሞታል። እኔም ራሴን የምከስስበት ጉዳይ ተዘግቷል። ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣልህ ግን ሁለቱንም ገጽ አንብብ፤ የመብራት ቤት ወረቀት እንኳ ቢሆን።

አሁን አንተን የምለምንህ ነገር አለ። አቶ ወልደሥላሴ ይምጡ። እንደታሰበው በማለዳ ይምጡ፣ ሰውም ያሰባስቡ፣ ቀስ ብለውም ይንገሩኝ። እንዳልሰማ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። እሳቸውን ለማክበር ብቻ እንዳይመስልህ። እስካሁን አላለቀስኩም። መርዶ ያልተረዳ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ሚስቴም ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የምታለቅሰው። ሁለታችንም ሰው መካከል ቁጭ ብለን፣ ስሙን እየጠራን፣ አንድ ጊዜ በወጉ ማልቀስ ይገባናል። አንተም አብረህ ናልኝ። ስታየኝ ብቻ ፊትህን ጠብቅ፤ ሳቅ ቢመጣብህ ወደ መሬት እይ።

ዳምጤ

*

ጋምቤላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዳምጤ፤

በሰላም ገብተናል። ለእርስዎም ለእትዬም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እማዬ ስለ ልቅሶው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ የጋራዡ ልጆች ድንኳኑን እንዴት እንደተከሉት። እርስዎ «ልጄን» ብለው ሲወድቁ እኔም ከቀብሩ ቀን የበለጠ እንዳለቀስኩ ነገርኳት። «ጥሩ» አለች።

አስቀድመው ስለ መስማትዎ ከእማዬ በቀር ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። አቶ ወልደሥላሴ ከጅማ እስከ በደሌ ድረስ ሲያስተምሩኝ መጡ። «አየህ ጸጋአብ፣ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው» ይሉኛል። «መጀመሪያ ስለ አዝመራው፣ ቀጥሎ ስለ ጤና፣ ከዚያ ሰውየው ራሱ ሲጠረጥር፣ ያን ጊዜ ነው ቃሉን ማውጣት። በደብዳቤ ቢሰማ ኖሮ ያ ልብ ይቆም ነበር። እኛ አተረፍነው።» «ልክ ነው ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ከኋላችን የተቀመጠች አሮጊት፣ «ይህ ልጅ ሐዘን ጎድቶታል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል» አለች።

በደሌ ምሳ በልተን አውቶቡሱ እንደተነሣ ግን እሳቸውን ማታለሌ ደስ አላለኝም። የእርስዎን ምሥጢር ጠበቅሁ፤ የራሴን ግን ነገርኳቸው። የሰኔውን ደብዳቤ ጀርባ አለማንበቤን፣ ሞላው ተቀይሮ መገኘቱን፣ ለአብኔር ማን እንዳነበበለት እስካሁን አለማወቄን። ሰምተውኝ ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሐምሌ ላይ ነው አሉ። አብኔር ጤና ጣቢያ መጥቶ ሕሙማን ወንበር ላይ ተራ ይዞ ተቀመጠ። ወባ የያዘው መስሏቸው እጁን ሲዳስሱት ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ጋሼ፣ ይህን ጀርባ ያንብቡልኝ» አላቸው። «ጸጋአብ ሰላምታ ነው ብሎኛል። መኪናዋ ግን ስትታጠፍ ትጮኻለች፤ ጋሼ ዳምጤ ደግሞ የሚጮኽ ሥራ አያሠራም።» አነበቡለት። ስለ ሞላ መሆኑ እንጂ ምን እንደሆነ ለእሳቸው አልገባቸውም፤ ከአደጋውም በኋላ ነገሩን ከነገሩ ጋር አላገናኙትም። ሁለቴ አስነብቧቸው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና መሳቅ ጀመረ።

«አልተናደደም?» አልኳቸው።

«ሳቀ እያልኩህ» አሉኝ። «ወጥቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ በበሩ ብቅ አለ። ‹ወደ እርስዎ መምጣቴን እንዳይነግሩት› አለኝ። ‹ካወቀ ያፍርና ሁለተኛ አያነብልኝም።›»

ከዚህ በኋላ አቶ ወልደሥላሴ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ጭንቅላቴ ትከሻቸው ላይ ወደቀ፤ ጎሬ ስንደርስ ነው የቀሰቀሱኝ።

ሰኞ የፊዚክስ ፈተና አለኝ። እማዬ ሰላም ትልዎታለች።

ልጅዎ ጸጋአብ